ኮምፒውተሩ የተሰካበትን ዕቃ አላውቅም ሲል፦ ከፎርማት በፊት ሊደረግ የሚገባው ምርመራ

ደሴ ውስጥ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ባሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በተደጋጋሚ የሚሰማ ቅሬታ አለ፦ እስከ ትናንት ማታ በደንብ ይሠራ የነበረ ኮምፒውተር ዛሬ ጠዋት ሲከፈት ፍላሹንም፣ ማውዙንም፣ ፕሪንተሩንም እንዳላየ ይሆናል። ባለቤቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ነቅሎ ይሰካል፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያበራል፣ ከዚያም አንድ አዋቂ ነኝ ባይ «ፎርማት ይደረግ» ይለዋል። በጥገና ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ይህ ምክር ከጠቀማቸው ይልቅ የጎዳቸው ሰዎች ሲበዙ አይቻለሁ። ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን የላላ ገመድን አያጠብቅም፣ የተቃጠለ ፖርትንም (ዕቃው የሚሰካበትን ቀዳዳ) አያድንም፤ በዴስክቶፑ ላይ የተቀመጠውን የደንበኛ ጽሑፍ ግን ጠራርጎ ይወስዳል። ከዚህ በታች የተጻፈው ችግሩ ከዕቃው፣ ከገመዱ፣ ከፖርቱ፣ ከኤሌክትሪኩ ወይስ ከዊንዶውሱ መሆኑን፣ ማንም ሰው በቤቱ ወይም በሱቁ ሆኖ የሚለይበት መንገድ ነው።

ዕቃው ሲሰካ የሚከናወነው

ፍላሹም፣ ማውዙም፣ ፕሪንተሩም ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኙበት የዩኤስቢ ሥርዓት የመጀመሪያው ደረጃ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። እስከ ዛሬ በአብዛኞቹ ፍላሾችና ማውዞች ላይ የምናየው ጠፍጣፋ መሰኪያ በውስጡ አራት ዋና ዋና መስመሮች አሉት፤ ሁለቱ 5 ቮልት የሚያመጡና የሚመልሱ የኤሌክትሪክ መስመሮች ሲሆኑ ሁለቱ ደግሞ መረጃ የሚያመላልሱ ናቸው። መሰኪያውን ወደ ብርሃን አቅርቦ ያየ ሰው በዳርና በዳር ያሉት ሁለት የብረት ንጣፎች ከመካከለኞቹ ረዘም ብለው ያገኛቸዋል፤ እንዲህ የተሠሩት ኤሌክትሪኩ ቀድሞ እንዲደርስ፣ መረጃው እንዲከተል ታስቦ ነው።

ዕቃው ኤሌክትሪክ እንዳገኘ ከመረጃ መስመሮቹ በአንዱ ላይ ቮልቴጅ ከፍ በማድረግ መምጣቱን ያስታውቃል። ኮምፒውተሩም ይህን ሲያይ ዕቃውን እንደ አዲስ ያስነሣዋል፣ ማንነቱን ይጠይቀዋል፣ አድራሻ ይሰጠዋል፣ በመጨረሻም ለማንነቱ የሚስማማ ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውሱ ዕቃውን የሚያዝበትን ፕሮግራም፣ ይፈልግለታል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ቢሆንም ከእነዚህ ደረጃዎች እያንዳንዱ ለብቻው ሊሰናከል ይችላል፤ «አያነብም» የሚለው አንድ ቃልም የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ ስም ይጠራል።

ምልክቶቹ ግን የተለያዩ ናቸው። ከሥሩ ቀይ ብርሃን የሚያሳየው ማውዝ ከጨለመ፣ ኮምፒውተሩም ምንም ድምፅ ካላሰማ፣ ኤሌክትሪኩ ራሱ አልደረሰም። ብርሃኑ እያለ ኮምፒውተሩ ጭራሽ ዝም ካለ ኤሌክትሪኩ ደርሶ መረጃው መንገድ ላይ ቀርቷል፤ እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ገመዱ ነው። የመሰካትና የመነቀል ድምፅ እየተፈራረቀ የሚሰማ ከሆነ ወይ መሰኪያው ላልቷል፣ ወይ ኤሌክትሪኩ አንሷል። ዕቃው እንዳልታወቀ የሚገልጽ መልእክት በስክሪኑ ጥግ ብቅ ካለ ደግሞ ኮምፒውተሩ የሆነ ነገር መሰካቱን አውቋል፣ ነገር ግን ማንነቱን ሲጠይቀው የተሟላ መልስ አላገኘም። ድምፁ በደንብ ተሰምቶ ፍላሹ ብቻ ከፋይሎቹ መካከል ካልታየ፣ ፖርቱና ገመዱ ነፃ ናቸው፤ ጥፋቱ የሚፈለገው በድራይቨሩ ወይም በፍላሹ ውስጣዊ ይዞታ ነው። ደንበኛ ደውሎ «ፍላሽ አላነብ አለኝ» ሲለኝ ወደ ሱቁ ከመሄዴ በፊት ድምፅ ሰምቶ እንደሆነና መብራት አይቶ እንደሆነ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ መፈተሽ

ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ የነካካ ሰው ኮምፒውተሩ ቢሠራለት እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም፤ ችግሩ በሳምንቱ ሲመለስም ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ መጀመሪያ ያንኑ ፍላሽ ወደ ጎረቤት ኮምፒውተር ወስደው ይሰኩት። እዚያም ካልታወቀ የእርስዎ ኮምፒውተር ጥፋት የለበትም። እዚያ ከሠራ ግን ተመልሰው በራስዎ ኮምፒውተር ሌላ ፖርት ላይ ይሞክሩት። ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላ በኩል ያሉትን ፖርቶች ይምረጡ፤ የኋላዎቹ በቀጥታ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ የተበየዱ ሲሆኑ የፊቶቹ ግን በኬዙ ውስጥ በሚያልፍ ቀጭን ገመድ የተያያዙ ናቸው፤ ይህ ገመድ ኬዙ ለጽዳት በተከፈተ ቁጥር ይላላል፣ አንዳንዴም ሳይመለስ ይቀራል።

ሀብ (አንዱን ፖርት ወደ ብዙ የሚያበዛ ማከፋፈያ) እና መቀጠያ ገመድ ካለ በዚህ ምርመራ ወቅት ሁሉም ይነሡ። በዩኤስቢ 2.0 ደረጃ መሠረት አንድ ገመድ ከ5 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ እኛ ዘንድ ግን ፕሪንተሩን ከደንበኛው ዓይን ለማራቅ ሲባል ሁለትና ሦስት ገመድ መቀጣጠል የተለመደ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሩን ሁለት ጊዜ ፎርማት ካስደረገ በኋላ ጠርቶኝ ስሄድ፣ የፕሪንተሩ ገመድ ተቀጥሎ በበር ሥር ወደ ሌላ ክፍል አልፎ አገኘሁት፤ በሩ በተዘጋ ቁጥር ገመዱን ይቆነጥጠው ነበር። ያን ቀን የሠራሁት ሥራ ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ አጠገብ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

ስለ ስልክ ገመድ አንድ ነገር ልጨምር። ከአንዳንድ ፓወር ባንኮችና ርካሽ ቻርጀሮች ጋር የሚመጡ ገመዶች የኤሌክትሪኩን ሁለት መስመር ብቻ ይዘው የመረጃዎቹ የላቸውም፤ ስልኩ ቻርጅ እየተደረገ ኮምፒውተሩ ላይ ካልታየ ገመዱ ከዚህ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ገመዱ ደህና ከሆነም ስልኩ ሲሰካ ከላይ በሚወርደው ማሳወቂያ ላይ ከቻርጅ ይልቅ የፋይል ማስተላለፊያውን መምረጥ ያስፈልጋል።

መብራት ሄዶ ሲመለስ

በእኛ አካባቢ ሁሉም ፖርቶች በአንድ ጊዜ ሥራ ያቆሙበት ኮምፒውተር ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ጥያቄ «መብራት ሄዶ ነበር ወይ?» የሚል ነው። የአገራችን መስመር በስሙ 220 ቮልት ቢሆንም መብራት ሲቋረጥና ሲመለስ ባሉት ቅጽበቶች ቮልቴጁ ይዋዥቃል፤ በማዘርቦርዱ ላይ ያለው የዩኤስቢ መቆጣጠሪያም በዚህ መካከል ግራ ተጋብቶ እንደ ደነዘዘ ሊቀር ይችላል። የሚያስገርመው ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ብዙ ጊዜ አለመፍታቱ ነው። ምክንያቱም ገመዱ ከሶኬት ካልተነቀለ በስተቀር ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ፓወር ሰፕላዩ (ከሶኬቱ የመጣውን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለው ክፍል) 5 ቮልት ተጠባባቂ ኤሌክትሪክ ለማዘርቦርዱ መስጠቱን አያቆምም፤ ኮምፒውተሩ ከጠፋ በኋላ የማውዙ ቀይ ብርሃን በብዙ ዴስክቶፖች ላይ በርቶ የሚያድረው በዚሁ ነው። የደነዘዘውም መቆጣጠሪያ ከዚሁ ተጠባባቂ ኤሌክትሪክ ስለሚመገብ ከነድንዛዜው ያድራል።

መፍትሔው ኤሌክትሪኩን ከሥሩ መቁረጥ ነው። ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ የተሰኩትን የዩኤስቢ ዕቃዎች በሙሉ ይንቀሉ፣ ዋናውን ገመድ ከዲቫይደሩ ወይም ከሶኬቱ ይንቀሉ። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ባትሪው በቀላሉ የሚወጣ ዓይነት ከሆነም ያውጡት። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሴኮንድ ያህል ተጭነው ይያዙ፤ በውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ በዚህ ይፈስሳል። አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቀው ገመዱን ብቻ ይመልሱ፣ ኮምፒውተሩን ያብሩ፣ ዕቃዎቹንም አንድ በአንድ እየሰኩ ይመልከቱ። አሥር ደቂቃ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ፖርቶቹን ከጉዳት የሚጠብቅ፣ ከመጠን ያለፈ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ግሎ መንገዱን የሚዘጋ፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ራሱን የሚመልስ ፊውዝ አለ፤ ለእርሱ የማቀዝቀዣ ጊዜ መስጠት ይገባል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ ነገር ከዊንዶውስ 8 ወዲህ መጥቷል። «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባለው አሠራር በሥራ ላይ ከሆነ «ሸት ዳውን» ሲባል ዊንዶውሱ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ የውስጡን ክፍል በዲስክ ላይ አስቀምጦ በማግስቱ ያንኑ ይመልሰዋል፣ የተበላሸ ድራይቨር ካለም ከነብልሽቱ ይመልሰዋል። «ሪስታርት» ግን ሁሉን እንደ አዲስ ያስነሣል። ስለዚህ ለምርመራ ሲባል «ሪስታርት» ማድረግ ወይም የሺፍት ቁልፍን ተጭኖ ይዞ «ሸት ዳውን» ማለት ያስፈልጋል።

የኤሌክትሪክ ማነስም ራሱን የቻለ ችግር ነው። በደረጃው መሠረት አንድ የዩኤስቢ 2.0 ፖርት እስከ 500 ሚሊአምፔር፣ የዩኤስቢ 3.0 ፖርት ደግሞ እስከ 900 ሚሊአምፔር ይሰጣል። ፍላሽና ማውዝ ከዚህ ትንሹን ብቻ ይጠቀማሉ፤ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ግን በተለይ መሽከርከር ሲጀምር ብዙ ይስባል። ዲስኩ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ እያሰማ ተነሥቶ የሚጠፋ ከሆነ፣ ተበላሽቷል ብለው ከመደምደምዎ በፊት በአጭር ገመድ ከኋላ ፖርት ላይ፣ ካለም በውስጡ ሰማያዊ በሆነው ፖርት ላይ ይሞክሩት። ኤሌክትሪኩን ከኮምፒውተሩ ብቻ የሚቀበል ሀብ ላይ ዲስክም፣ ፍላሽም፣ የስልክ ቻርጅም ደርድሮ ሁሉም እንዲሠሩ መጠበቅ አይቻልም፤ ከአንዱ 500 ሚሊአምፔር ሁሉም ተሻምተው ነው የሚኖሩት። የራሱ አዳፕተር ያለው ሀብ ዋጋው ከፍ ቢልም ለሱቅ የሚመከረው እርሱ ነው።

ስታቢላይዘር ቮልቴጁን ያስተካክላል፣ መብራት ሲሄድ ግን አብሮ ይሄዳል፤ በውስጡ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለማጥፋት ጊዜ የሚሰጠው። ሁለቱም የሌለው ሰው መብራት እንደሄደ ገመዱን ቢነቅልና መብራቱ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቢታገሥ ያለ ምንም ወጪ ብዙ ጉዳት ይቀንሳል።

አቧራ፣ ጤዛና የሐረጎ መንገድ

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳ ሞቅ ባለው ሜዳ ላይ ትገኛለች። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በሁለቱም ከተሞች ስላሉ ላፕቶፕ ይዞ በመካከላቸው ያለውን የሐረጎ መንገድ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ብዙ ነው። በክረምት ከደሴ ጉም ወጥቶ ሞቃት ክፍል የገባ ላፕቶፕ ወዲያው ቢከፈት፣ በቀዘቀዘው ብረት ላይ ጤዛ ሊቋጠር ስለሚችል ከቦርሳው ሳይወጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢቆይ ይሻላል። ከዚህ የከፋው ግን ፍላሹን ላፕቶፑ ላይ እንደሰኩ ቦርሳ ውስጥ ከትቶ መንገድ መጀመር ነው፤ በመንገዱ ንጠት ፍላሹ እንደ መፈንቀያ ሆኖ በፖርቱ ውስጥ ያለችውን የፕላስቲክ ምላስ ይሰብራታል።

ፖርት ሲጸዳ ኮምፒውተሩ መጥፋትና ገመዱ መነቀል አለበት። ደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል፤ የጠነከረ ቆሻሻ ካለ በእንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ በዝግታ ማንሣት ይቻላል። መርፌና የወረቀት ክሊፕ የኤሌክትሪኩን መስመሮች ሊያገናኙ ስለሚችሉ አይንኩት። በአፍ መንፋት ምራቅ ያስገባል። የዛገ ከመሰለ ከፋርማሲ የሚገኝ፣ የውሃ መጠኑ እጅግ ያነሰ ንጹሕ አልኮል በጥቂቱ በብሩሽ ቀብቶ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው፤ አንድ ወዳጄ በካቲካላ ሞክሮ ሱቁን ሲያሸት ሰንብቷል፣ ፖርቱ ግን አልተሻለውም፣ በውስጡ ውሃ አለበትና።

ከዊንዶውስ ውጭ መፈተሽ

ወደ ዊንዶውስ ከመግባት በፊት አንድ ቁርጥ ያለ ፈተና አለ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ወደ ባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውሱ ከመነሣቱ በፊት ወደሚከፈተው የኮምፒውተሩ የራሱ ማስተካከያ ገጽ፣ የሚያስገባውን ቁልፍ፣ ይኸውም በብዙዎቹ ላይ ዲሊት ወይም ኤፍ 2 የሆነውን፣ ደጋግመው ይጫኑ። የዩኤስቢ ኪቦርዱ እዚያ ውስጥ ከታዘዘ ፖርቱ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ በዊንዶውሱ ወይም በድራይቨሩ በኩል ነው። ባዮስ ውስጥም ካልታዘዘ፣ ኪቦርዱም በሌላ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ከሆነ፣ ሃርድዌሩ ተጎድቷል ወይም ፖርቶቹ በባዮሱ ተዘግተዋል ማለት ነው፤ በዚህ ሁኔታ ፎርማት የሚያመጣው ለውጥ የለም። ላፕቶፕ ላይ የራሱ ኪቦርድ ሁልጊዜ ስለሚሠራ ይህን ፈተና የሚያደርጉት የውጭ ኪቦርድ ሰክተው ነው።

ጥፋቱ ወደ ዊንዶውስ ካመለከተ የስታርት ምልክቱን ቀኝ ክሊክ አድርገው «ዲቫይስ ማኔጀር» ይክፈቱ። በዝርዝሩ ግርጌ «ዩኒቨርሳል ሲሪያል ባስ ኮንትሮለርስ» የሚለውን ሲዘረጉት ቢጫ ምልክት ያለበት መስመር ካዩ ሁለት ጊዜ ክሊክ ያድርጉትና የሚጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። ኮድ 28 ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው። ኮድ 22 ዕቃው በሰው እጅ እንዲቦዝን ተደርጓል ማለት ስለሆነ «ኢኔብል» በማለት ይፈታል። ኮድ 43 ዕቃው ችግር እንዳለበት ስላሳወቀ ዊንዶውስ አቁሞታል ማለት ነው፤ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ይህን አይተው ድራይቨር ፍለጋ ይነሣሉ፣ እኔ ግን ገመዱንና ፖርቱን ዳግመኛ አያለሁ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያው ይገኛልና።

ቢጫ ምልክት ያለበትን መስመር ቀኝ ክሊክ አድርገው «አንኢንስቶል ዲቫይስ» ካሉ በኋላ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ማድረግ ዊንዶውሱ ዕቃውን እንደ አዲስ እንዲመዘግበው ያደርጋል። ዋናዎቹን ኮንትሮለሮች እንዲህ የሚያነሡ ከሆነ ግን ማውዙና ኪቦርዱ ወዲያው ሊሞቱ እንደሚችሉ አስቀድመው ይወቁ፤ የተከፈተ ሥራ ካለ ያስቀምጡ። እጅዎ ባዶ ከቀረ የማብሪያውን ቁልፍ አንዴ ነካ ማድረግ በአብዛኛው ኮምፒውተሩን በሥርዓት ያጠፋዋል፣ ሲነሣም ራሱ ይጭናቸዋል።

ዕቃው ጥቂት ጊዜ ሠርቶ ሥራ ፈትቶ ሲቆይ የሚጠፋ ከሆነ የኃይል ቁጠባው ነው። በዚያው ዝርዝር «ዩኤስቢ ሩት ሀብ» በሚሉት መስመሮች ውስጥ «ፓወር ማኔጅመንት» የሚለውን ገጽ ከፍተው ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ዕቃውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ያንሡ፤ በፓወር ኦፕሽንስ ውስጥም «ዩኤስቢ ሴሌክቲቭ ሰስፔንድ» የሚለውን ያቦዝኑ።

ድራይቨር የሚወርደው ከላፕቶፑ ወይም ከማዘርቦርዱ አምራች ድረ ገጽ ነው። ሁሉን ድራይቨር በአንድ ጊዜ እጭናለሁ የሚሉትን ፕሮግራሞች አልወዳቸውም፤ ከሚፈለገው አንድ ድራይቨር ጋር የማይፈለጉ አሥር ነገሮች ያስገባሉ። ዊንዶውስ 7 ለዩኤስቢ 3.0 የራሱ ድራይቨር እንደሌለው ማስታወስም ይገባል፤ በአዲስ ማዘርቦርድ ላይ አሮጌ ዊንዶውስ የጫነ ሰው ፖርቶቹ ዝም ቢሉት ሊደነቅ አይገባውም።

ፍላሹ ተሰምቶ ካልታየ

ድምፁ ተሰምቶ ፍላሹ ካልታየ ስታርትን ቀኝ ክሊክ አድርገው «ዲስክ ማኔጅመንት» ይክፈቱ። ፍላሹ እዚያ ካለና ፊደል ብቻ ካጣ፣ ቀኝ ክሊክ አድርጎ ያልተያዘ ፊደል መስጠት ይበቃል። «ኖ ሚዲያ» የሚል ከሆነ የፍላሹ ማከማቻ ሞቷል። ፎርማት ይደረግ ብሎ ራሱ ኮምፒውተሩ ከጠየቀ ደግሞ፣ በውስጡ የሚፈለግ ነገር ካለ እሺ አይበሉ፤ ፋይል መልሶ ማውጣት የሚችል ሰው እስኪያየው በላዩ ምንም አይጻፍበት። ፎልደሮቹ ጠፍተው በምትካቸው ሾርትከቶች ከታዩ ቫይረስ ደብቋቸዋል፤ ሾርትከቶቹን አይክፈቱ፣ በአንቲቫይረስ ካጸዱ በኋላ የተደበቁና የሲስተም ፋይሎች እንዲታዩ ሲያዝዙ ፎልደሮቹ ይመለሳሉ።

ሃርድዌሩ ሲጎዳ

ሲነሣ ከመጠን ያለፈ የዩኤስቢ ኤሌክትሪክ ታይቷል የሚል ጽሑፍ አሳይቶ ራሱን የሚያጠፋ ኮምፒውተር ካለ፣ ሁሉንም ነቅለው ፖርቶቹን በባትሪ መብራት ይመልከቱ፤ በውስጡ ካሉት የብረት ንጣፎች አንዱ ታጥፎ የፖርቱን አካል ነክቶ ሊሆን ይችላል። ዴስክቶፕ ላይ የፊት ፖርቶቹን ገመድ ከማዘርቦርዱ ነቅሎ ማስነሣትም ጥፋቱ ከፊት መሆን አለመሆኑን ይለያል። ባለሙያ በመልቲሜትር የፖርቱን የዳር መስመሮች ሲለካ ከ4.75 ቮልት በታች ካገኘ ከማዘርቦርዱ በፊት ፓወር ሰፕላዩ ይፈተሽ።

ወደ ባለሙያ ሲወስዱት ምን እንደሞከሩና ምን እንዳዩ፣ በባዮስ ውስጥ ኪቦርዱ መታዘዝ አለመታዘዙን ጭምር በወረቀት ጽፈው ይስጡት፤ ያለ ፈቃድዎ ፎርማት እንዳያደርገውም አስቀድመው ይነጋገሩ። የላፕቶፕ ፖርት ነቅሎ በአዲስ መበየድ ይቻላል። የዴስክቶፕ ፖርቶች በሙሉ ከሞቱ ግን ማዘርቦርድ ከመቀየር ይልቅ የዩኤስቢ ፖርቶች ያሉት ካርድ መጨመር ይረክሳል፤ ካርዱን ከመግዛትዎ በፊት ኬዙን ከፍተው በማዘርቦርዱ ላይ ባዶ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ቀዳዳ (ተጨማሪ ካርድ የሚሰካበት) መኖሩን፣ ካርዱም ከፓወር ሰፕላዩ ተጨማሪ ገመድ የሚጠይቅ መሆን አለመሆኑን ያረጋግጡ።